የእሁድ ጥየቃ

የእንስሳት ቤቱ ሠራተኛ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በቀን የሚናገረው ቃል በጣት የሚቆጠር ነው። ጠዋት ለዘበኛው «እንዴት አደርክ»፣ ማታ ለዘበኛው «ደህና እደር»። በመሃል ያለውን ወሬ ሁሉ የሚያወራው ለአይጦች ነው። የላቦራቶሪው ወጣቶች ከጀርባው «የአይጦቹ አባት» ይሉታል፤ ፊት ለፊት ሲያገኙት ግን «ጋሼ» ነው። ቅጽል ስሙን ያውቃል፣ ግን አልከፋውም። አንዲት ልጁ አግብታ ሌላ ከተማ ከገባች በኋላ አባት የሚለው ከተገኘ ምን ቸገረው።

ሥራው ከውጭ ለሚያየው ቀላል ይመስላል። ጫማ ይቀየራል፣ ካባ ይለበሳል፣ አፍና አፍንጫ ይሸፈናል። ከዚያ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ሁለት መቶ አርባ የፕላስቲክ ሳጥን፣ በየሳጥኑም አንድ አንድ እንስት አይጥ። እያንዳንዷ ትመዘናለች፤ የበላችውና የጠጣችው ተለክቶ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ነጭ ካርድ የተለጠፈባቸው ምንም አይሰጣቸውም። ባለ ቢጫዎቹ አዲሱን መድኃኒት በየወሩ ከቆዳቸው ሥር ይወጋሉ። ባለ ቀዮቹ ደግሞ ለማነጻጸሪያ የተቀመጡ ናቸው፤ ካንሰር እንደሚያመጣ ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ኬሚካል በሚጠጡት ውሃ ይገባላቸዋል። የእነሱ መታመም ገና ሳይመጡ የተቆረጠ ነገር ነበር።

መድኃኒቱን ጥናቱን የምትመራው ዶክተር አንድ ቀን አስረድታዋለች። በዘር የሚተላለፍ፣ የእግርና የእጅ ነርቭን ቀስ በቀስ የሚገድል በሽታ አለ። ጥፋቱ የአንድ ጂን ነው፤ መጥፎ ትእዛዝ ሌት ተቀን ያስተላልፋል።

«ይሄ መድኃኒት ጂኑን አይነካውም ጋሼ። ትእዛዙን ነው ሳይደርስ የሚቆርጠው። ጂኑን ዝም ያሰኘዋል እንላለን።»

«ወሬውን መንገድ ላይ ይቀማዋላ» አላት።

ዶክተሯ ሳቀች። ሲበዛ ቁጥብ ሴት ናት፤ ምሳዋን እንኳ የምትበላው በማይክሮስኮፑ አጠገብ፣ ለብቻዋ ነው። በማሳቁ ሳምንቱን ሙሉ ደስ ሲለው ሰነበተ።

ጥናቱ ሁለት ዓመት ነው፤ የአይጥም ዕድሜ ያው ሁለት ዓመት ገደማ ነው። አንዲት አይጥ ከልጅነት እስከ እርጅና ለብቻዋ ትኖራለች ማለት ነው፣ ምክንያቱም ሁለት ከሆኑ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። ይህን ሕግ እሱም ያውቃል። ግን ማወቅ ሌላ፣ ማየት ሌላ። በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ከመደርደሪያው ጫፍ ያሉ ሦስት ባለ ቢጫዎች የገዛ ፀጉራቸውን መንጨት ጀመሩ። ስም ያወጣላቸው እነዚህ ነበሩ፦ ቀበጧ፣ ዓይናፋሯና ሊቀመንበሯ። ሊቀመንበሯ ሳጥኑ ሲከፈት በሁለት እግሯ ቆማ ስብሰባ የምትመራ ነው የምትመስለው። ከጎናቸው ያሉት ሦስት ባለ ቀዮች ደግሞ ከስተው ጥግ ይዘው ይውሉ ነበር።

እሁድ የእሱ ተራ ነው፤ ሌላ ሰው አይገባም። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሆዱ አልችል አለው። ሊቀመንበሯን በእጁ አቅፎ ከታመመችው ጎረቤቷ ሳጥን አስገባት። ታማሚዋን ወደ ሊቀመንበሯ ቤት ለማምጣት ለአፍታም አላሰበም። ሲያድግ የተማረው ነው፤ ታማሚ ይጠየቃል እንጂ አይጠራም። ሁለቱ ትንሽ ተሸታተቱና ጠያቂዋ የታማሚዋን አንገት በጥርሷ ለቀም ለቀም እያደረገች ታክላት ጀመር፤ ብዙም ሳይቆዩ አንዷ ባንዷ ላይ ተጋድመው ተኙ። ሰኞ ጠዋት ሌላ ሰው ሳይገባ መለሳት። በሚቀጥለው እሁድ ሦስቱም ለጥየቃ ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ አንድም እሁድ አልቀረም።

በላቦራቶሪው በር ላይ «ያልተጻፈ አልተደረገም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሰነፎችን ለማስፈራራት የተለጠፈ ነው። እሱ ግን ራሱን ሲያጽናናበት ኖረ።

ሁለተኛው ዓመት አለቀና እንስሶቹ ሁሉ ተገደሉ። ጉበታቸው እየተከተፈ በመስታወት ላይ ተዘርግቶ ለዶክተሯ ቀረበ። እሱ ባዶ ሳጥን ያጥባል፤ በሚቀጥለው ወር ሌሎች ይመጣሉ እያለ ራሱን ያባብላል። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ እጥበት ክፍሉ ድረስ መጥታ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አለች። ከዚህ በፊት እዚያ ገብታ አታውቅም።

«አለቀለት ጋሼ። መድኃኒቱ ካንሰር ያመጣል።»

እጁ ውሃ ውስጥ እንዳለ ቀረ። «በስንቶቹ ወጣ?»

«ሦስት ባለ ቢጫዎች። ጉበታቸው ላይ ነው። በነጮቹ አንድ እንኳ የለም። ሦስት ትንሽ እንዳይመስልዎት፣ እንደዚህ ያለ ዕጢ እንዲሁ በራሱ አይመጣም። ለሙከራ መድኃኒቱን የሚወስዱ መቶ ስድሳ ሕመምተኞች አሉ። ይቁም የሚለው ደብዳቤ ሰኞ እኩለ ቀን ይወጣል። አንዷ ሴትዮ ቁልፍ መቆለፍ ጀምራለች ብለው ነግረውኝ ነበር። የቀሚሷን ቁልፍ፣ በራሷ ጣት።»

«ቁጥራቸው ስንት ነው? የሦስቱ?»

ነገረችው። ቀበጧ፣ ዓይናፋሯና ሊቀመንበሯ ነበሩ።

ያን ጊዜ ነው ጠርሙሱ ትዝ ያለው። በየባለ ቀይዋ ሳጥን ላይ ተዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው የውሃ ጠርሙስ። ጠያቂ በሄደበት ቤት የቀረበለትን ይጠጣል፤ እነሱም ከእሁድ እስከ ሰኞ ሲጠጡ አድረዋል። ዓመቱን ሙሉ አንዲት ቀን እንኳ ጠርሙሱን አላሰበውም ነበር። አጎንብሶ ያንኑ ሳጥን ደጋግሞ ያጥብ ጀመር። ዶክተሯም አይጦቹ አሳዝነውት መሰላት፤ ትከሻውን ነካ አድርጋ ወጣች።

ቅዳሜና እሁድ ቤቱ ጠበበው። ልናገር ቢል መባረር ነው። መባረሩ ራሱ አልነበረም የሚያስፈራው፤ ጡረታ እንደሁ ዓመት ቢቀረው ነው። የሚያስፈራው ይኸው ቤት ነው። አንድ ወንበር ብቻ የሚሳብበት ጠረጴዛ፣ ማንም የማያንኳኳው በር፣ ከጠዋት እስከ ማታ ይኸው። ዝም ልበል ቢል ደግሞ ያቺ የማያውቃት ሴትዮ ከነቀሚሷ ፊቱ ትደቀናለች። እሁድ ልጁ ደወለች።

«አባዬ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

«ድምፅህ ልክ አይደለም እኮ።»

«እንቅልፍ ነው ልጄ።»

ልጆቿ ከኋላ ይንጫጫሉ። «በል እሺ፣ ሳምንት እደውላለሁ» ብላ ዘጋችው። ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም፤ የቀረው እሁድ ሙሉውን የእሱ ነበር።

ሰኞ ዶክተሯ ቢሮዋን ስትከፍት በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው።

«መድኃኒቱ አይደለም። እኔ ነኝ» አላት።

ሁሉንም ነገራት። መጀመሪያ አላመነችውም። ቀጥሎ ፊቷ ተለዋወጠ። «ሁለት ዓመት! ጋሼ፣ የሁለት ዓመት ሥራ!» ብላ ጮኸችበት፤ ስትጮህ ሰምቷት አያውቅም። ከዚያ የውሃ መለኪያውን መዝገብ አወጣችና በጣቷ ትከተለው ጀመር። የሦስቱ ባለ ቀዮች ጠርሙስ ሰኞ ሰኞ ከሌላው ቀን በእጥፍ ጎድሏል። የሦስቱ ባለ ቢጫዎች ደግሞ ሰኞ ሰኞ እምብዛም አልጎደለም። ዓመቱን ሙሉ እንዲያ ነው። የሠራውን ደብቆ ቁጥሩን ግን አንድም ቀን አልዋሸም ነበር፤ አይጥ ይዋሳል እንጂ ቁጥር አይነካም።

ዶክተሯ መዝገቡን ዘግታ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችው። «ይጻፉት። ከመጀመሪያው እሁድ ጀምረው።»

ሲጽፍ ብዙ ቆየ። ዶክተሯ ስልክ አንስታ ደብዳቤው እንዲቆም ተናገረች። ጽፎ ሲያስረክባት አነበበችና «ለምን?» አለችው፣ አሁን ቀስ ብላ።

«ብቻቸውን ነበሩ።»

ዶክተሯ ማይክሮስኮፑ አጠገብ የተቀመጠውን የምሳ ዕቃዋን አየት አድርጋ ወረቀቱን አጠፈችው። ከሰዓት በኋላ የበር መክፈቻ ካርዱን አስረከበ። ለዘበኛው «ደህና ዋል» ሲለው «ምነው ዛሬ በጊዜ?» አለው።

ከአምስት ወር በኋላ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ልጁ መስላው ነበር።

«ጋሼ፣ ዶክተሯ ነኝ። ሰው ሳይነግርዎት ብዬ ነው። ሦስቱ ከቆጠራው ወጡ። በቀሩት ባለ ቢጫዎች ላይ ምንም የለም፣ ሦስት ሰው ለየብቻ አይቶታል። ሕመምተኞቹ መርፌያቸውን ቀጥለዋል። ለማንኛውም ጥናቱ እንደገና ይሠራል ተብሎ እንስሶቹ ገብተዋል።»

«ሴትዮዋስ? ያቺ የቁልፏ?»

«እየቆለፈች ነው» አለችው። «ሌላም ነገር አለ። በዚህኛው ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚኖሩት። ከየራሳቸው ቡድን ጋር፣ ባንድ ሳጥን። የሚበሉትና የሚጠጡት በየሳጥኑ ይለካል። እኔ ነኝ የጠየቅኩት።»

«ጠርሙሱስ?» አለ።

«አንድ ነው ጋሼ። የሁለቱም አንድ ነው።»

«እሰይ። እሰይ ልጄ።»

«እርስዎስ እንዴት ነዎት? እሁድ እሁድ እኔም ያው ቤት ነኝ። መጥቼ ልጠይቅዎት?»

«ኧረ አልታመምኩም!» አላት ሳቅ ብሎ፣ አፉ ላይ እንደመጣለት። «ደህና ነኝ፣ አትድከሚ።»

«እሺ እንግዲህ» አለችና ስልኩ ተዘጋ።

ክፍሉ ጭር አለ። ያለውን ነገር ያን ጊዜ ነው ራሱ የሰማው። ስልኩን እንደያዘ መብራቱ እስኪጠፋ አየው፤ መልሶ ለመደወል አውራ ጣቱን ሰነዘረና ተወው። ትንሽ አሞኛል ማለት ምን ነበረበት?