ወገብ የሚያውቀው መንገድ

ለአባቱ ደግ ሊሠራ ተነሥቶ እንደ ጁነይድ ራሱን የጎዳ ሰው በጅጅጋ ይኑር አይኑር እንጃ። ክፋት የለበትም። ክፉማ ቢሆን ኖሮ መኪናዋን እንደነበረች ይተዋት ነበር።

መኪናዋ ሁለት በር ያላት ትንሽ አሮጌ ሱዙኪ ናት። የቀድሞ ባለቤቷ ከገጠር ከሰል የሚያመላልስ ሰው ስለነበር፣ ጭነቱ እንዳያጎብጣት ብሎ በባሌስትራዎቿ ላይ ተጨማሪ ብረት ደርቦባታል። ከሰል ሲጫንባት ደህና ትሄዳለች። ባዶዋን ግን እንደ ፍየል ትዘላለች። ጠጠር ስትረግጥ ጥርስ ታንገጫግጫለች፤ ጉድጓድ ከገባችማ ጭንቅላትና ጣሪያ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ጁነይድ የግንባታ ዕቃ መደብር ያለው፣ ስልክ ከጆሮው የማይለይ ነጋዴ ነው፤ የሚውለውም ከተማ ውስጥ አስፋልት ላይ ስለሆነ ዝላይዋ እምብዛም አያስጨንቀውም ነበር። የሚያስጨንቀው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ረመዳን ሊገባ ሲልና ከአረፋ በኋላ፣ አባቱን ይዞ ወደ ሐርተሼክ የሚወስደው ኮረኮንች ፒስታ ላይ ሲወጣ ነው።

አባቱ ሀጂ ዋርሳሜ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ሐርተሼክ በስደተኛ በተጥለቀለቀችበት ዘመን ውሃና እህል ሲያመላልሱላት ኖረዋል። አንድ ቀን ግን የጫኑት ሚስታቸውን ነበር። ዐምራን ምጥ ጠንቶባት ወደ ጅጅጋ ሆስፒታል ሲያከንፏት መንገድ ላይ አረፈች። ጁነይድ ያኔ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ነው። መኪናው ላይ የነበሩት ሰዎች ሰገዱባት፣ ከመንገዱ ዳር ቆፍረው ቀበሯት፣ ድንጋይም ከመሩላት። ከዓመታት በኋላ መንገድ የሚያሰፋ ዶዘር መጥቶ የድንጋዩን ክምር ጠርጎት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቦታውን የሚያውቁት ሀጂ ዋርሳሜ ብቻ ሆኑ፤ የእሳቸውም ዓይን ቆይቶ ጠፋ።

ዓይናቸው ቢጠፋም ወገባቸው ነበር። ከፊት ወንበር ተቀምጠው መኪናዋ ስትንጣቸው መንገዱን ያነቡታል። መጀመሪያ ድንጋያማው ደረቅ ወንዝ ነው። ቀጥሎ ተከታትለው የሚመጡ ጉብታዎች፤ ከዚያ እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበው ረጅም ሜዳ። ሜዳው አልቆ መኪናዋ ወደ ግራ ጋደል ስትል «አቁም!» ይላሉ። ጁነይድ አውርዶ ስፖኪዮውን ያስይዛቸዋል፣ ትከሻቸውን ወደ ቂብላ ያዞርላቸዋል፣ ከዚያ ወደ መሪው ይመለስና ስልኩን ይከፍታል። እሳቸው ዱዓቸውን ሲጨርሱ መስኮቱን ያንኳኩለታል። ይኼው ነው። ስንት ጊዜ እንደሄዱ አላህ ይወቀው፤ ጁነይድ ግን አንድም ቀን ቀና ብሎ የቆመበትን ቦታ በቅጡ አላየውም። ምን ያደርግለታል? አባቱ ያውቁት የለ?

በመልሱ ጉዞ ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው በየጉድጓዱ «ያ አላህ» ይላሉ። ያ ድምፅ የጁነይድን አንጀት ይበላዋል። ዘንድሮ አይሆንም ብሎ መኪናዋን መርሻ ጋ ወሰዳት።

መርሻ በወታደር መካኒክነት ጅጅጋ ተመድቦ መጥቶ፣ ሠራዊቱን ሲሰናበት ከተማዋን መሰናበት ያቃተው ሰው ነው። ሱዙኪዋን በክሪክ አንሥቶ ከሥሯ ገባና ሳቁ ከዚያ ተሰማ።

«ጁኔ፣ ይቺ መኪና እኮ አህያ ሆና ነው የኖረችው!»

«ለአባቴ ነው የምፈልጋት። ወገባቸውን ጨረሰችው።»

«ለአዴር ከሆነማ!» አለ መርሻ። በዚያ አገር የአባት እኩያ ሁሉ አዴር ነው፣ አጎት። «የተደረበባትን ብረት አወጣለሁ፣ የደረቁትን የላስቲክ ጎሚኒዎች እቀይራለሁ። ጥሩ ሾክ አብዞርበር ካመጣህልኝ ደግሞ ሻይ እየጠጣህ ትነዳታለህ።»

ጁነይድ ሾኮቹን ድንበሩ ላይ ደወሌ ከተማ ባለ ደንበኛው በኩል ከጅቡቲ አስመጣ። መርሻም ቃሉን ጠበቀ። ሥራውን ሲጨርስ ዳሽቦርዱ ላይ የሻይ ብርጭቆ አስቀምጦ ከጋራዡ በር ላይ ያለውን ጉድጓድ ተሻገረበት፤ ሻዩ ተወዛወዘ እንጂ አልፈሰሰም። ጁነይድ ልቡ ቅቤ ጠጣ። ሀጂ ዋርሳሜን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ደግ ነገር ሲሠራ ማን ይጠየቃል? ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ግን እንዲህ ያለው ነው።

ረመዳን ሊገባ ሲል ወጡ። አስፋልቱን ለቀው ፒስታው ውስጥ ሲገቡ ጁነይድ ዓይኑን ከአባቱ ፊት መንቀል አቃተው።

«ማሻአላህ!» አሉ ሽማግሌው። «ያቺው መኪና ናት?»

«ያቺው ናት፣ አቦ።» አባቱን የሚጠራቸው በሶማልኛው እንደዚያ ነው። «ወገብዎ እንዴት ነው?»

«ወገቤማ ተኝቷል።»

ከዚያ ዝም አሉ። ጁነይድ የድሎት ዝምታ መሰለው። አንድ ልጅ ለአባቱ ማድረግ ያለበትን አደረግሁ ብሎ ኮራ። ከቶጎ ውጫሌ ስልክ ተደወለለት፤ ስለ ቆርቆሮ ዋጋ እየተከራከረ ነዳ፣ ነዳ። ስልኩን ሲዘጋ አባቱ የተቀመጡበትን ትራስ ከሥራቸው አውጥተው ጭናቸው ላይ ይዘውታል።

«የድንጋዩን ወንዝ አለፍን?» አሉ።

ጁነይድ ደነገጠ። ደረቅ ወንዝ መሻገራቸው ትዝ ይለዋል፤ አንድ ይሁን ሁለት ግን አያውቅም። «አዎ፣ አለፍን» አለ።

«አልተሰማኝም።»

ጥቂት ሄደው «ቀስ በል» አሉ። ወዲያው ደግሞ «ፈጠን በል፣ ቆርቆሮው በዝግታ አይናገርም» አሉ። ጁነይድ ፈጠን አለ። መኪናዋ በተሸበሸበው መንገድ ላይ ምንጣፍ ላይ እንደምትሄድ ተንሳፈፈች። ሽማግሌው አንድ መዳፋቸውን ዳሽቦርዱ ላይ፣ አንዱን በሩ ላይ ለጥፈው ጀርባቸውን ከወንበሩ ጋር አጣበቁ። ትንፋሻቸውን ውጠው የሚያዳምጡ ይመስላሉ። ላብ በጺማቸው ላይ ወረደ።

«አልፈናል መሰለኝ፤ ተመለስ።»

ተመለሱ። እንደገና ዞሩ። ደግመው ተመለሱ። ጁነይድ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ሜዳ ቀና ብሎ አየው። ግራር፣ ኩይሳ፣ እሾህ ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል፤ ከዚያ ሌላ ግራር፣ ሌላ ኩይሳ፣ ሌላ ፌስታል። ይኼ ነው የሚለው ምልክት አጣ። ስንት ዓመት ሙሉ እዚህ ቆሞ ምን ሲያይ ነበር? ስልኩን ነዋ። በራሱ አፈረ።

«ጠፋችብኝ» አሉ ሀጂ ዋርሳሜ።

ጁነይድ አባቱ ሲያለቅሱ አይቶ አያውቅም። ዓይናቸው የጠፋ ጊዜ እንኳ አልሐምዱሊላህ ብለው ነው የተቀበሉት። አሁን ግን ከንፈራቸው እንደ ልጅ ተንቀጠቀጠ። ጁነይድ አልቻለም። መሪውን ወደ ዳር ጠምዝዞ ፍሬን ያዘ።

«እዚህ ነው፣ አቦ። ደርሰናል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ወላሂ!»

ጅጅጋ ገበያ ውስጥ በቀን ስንት ወላሂ እንደሚባል ቆጥሮ የሚዘልቀው የለም። ነጋዴ ደግሞ ምላሱ ለምዶታል። ይኼኛው ግን ገና ከአፉ ሲወጣ ጁነይድን እንደ እሳት ለበለበው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መመለሻ አልነበረውም። አባቱ ቀድመው በሩን ከፍተዋል።

ስፖኪዮውን ይዘው ከሌላው ጊዜ ሁሉ አስረዝመው ዱዓ አደረጉ። ጁነይድ በዚህ ቀን ወደ ስልኩ አልተመለሰም፤ አጠገባቸው ቆሞ የሚሉትን ሰማ። «ዐምራን፣ እኔ ባጣሽ ልጅሽ አገኘሽ» ይሏታል። «እኔ ስሞት ማን ያውቃታል ብዬ ነበር። ይኼው ልጅሽ አወቀሽ።»

ሲመለሱ ሽማግሌው ዕዳቸው እንደተራገፈላቸው ሰው ቀለላቸው። እስከ ከተማ ድረስ ስለ ዐምራን አወሩ፤ ሳቋ ከርቀት ይሰማ እንደነበር፣ መኪና ውስጥ እንቅልፍ እንደማይወስዳት፣ ወንድ ልጅ ሲወለድላት ጁነይድ ያለችው እሷ እንደሆነች። ጁነይድ ይኼን ሁሉ ሰምቶት አያውቅም። እናቱን ባጠፋበት ቀን ስለ እናቱ ሰማ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእሱ ግን እያደር ከበደ። በሳምንቱ መርሻ ጋ ሄዶ «የድሮውን ብረት መልስልኝ» አለው።

«አበድክ እንዴ? ሰው ድሎት ለምኖ መንገጫገጭ ይለምናል?»

ጁነይድ የሆነውን ሁሉ ነገረው። መርሻ የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ።

«ለአዴር ንገራቸው» አለው። «አባት ናቸው፤ ይቆጡና ይበርድላቸዋል። ብረቱን እመልስልሃለሁ፣ አሮጌዎቹ ሾኮችም አልተጣሉም። እሳቸውን አስቀምጠህ ስትሄድ ያገኟታል። ያለ እሳቸው ግን አትልፋ።»

ጁነይድ ያለ እሳቸው ለፋ። መኪናዋ እንደ ጥንቷ ፍየል ከሆነች በኋላ ብቻውን ወደ ፒስታው ወጣ። ከዳር ዳር ተመላለሰበት። ወንዙ ነረተው፣ ጉብታው አዘለለው፣ ቆርቆሮው ጥርሱን አንገጫገጨው፤ መኪናዋ ወደ ግራ የምትጋደልበት ቦታም አንድ ብቻ አልነበረም። ወገቡ ታመመ እንጂ ምንም አልነገረው። ለእሱ ጉድጓድ ሁሉ ጉድጓድ ነው።

መንገር እንዳለበት ያውቃል። ግን እንዴት ብሎ ይጀምር? «አቦ፣ በአላህ ስም የማልኩልዎ ውሸት ነበር፤ ዱዓዎንም ባዶ መሬት ላይ ነው ያደረጉት» ተብሎ ለዓይነ ስውር አባት ይነገራል? ጾም ነው፣ ረመዳን ይውጣ አለ። ረመዳን ወጣ። ዒድ ነው፣ ደስታቸውን አልበጥብጥ አለ። ከዒድ በኋላ ሽማግሌውን ሳል ያዛቸው፣ ሲሻላቸው ብሎ አቆየው። ቀጠሮ ለሚፈልግ ሰው ቀን አያልቅበትም።

አንድ ዐርብ ከሰላት በኋላ ሀጂ ዋርሳሜ ጎረቤታቸውን ኸሊልን አስጠርተው ጁነይድን አጠገባቸው አስቀመጡት። ሳሉ ደረታቸውን ጨርሶታል።

«ኸሊል፣ ምስክር ሁነኝ» አሉ። «ስሞት ከተማው መቃብር እንዳትወስዱኝ። ከዐምራን ጎን አድርጉኝ። ቦታውን ጁነይድ ያውቀዋል። እኔ ጠፍታብኝ እሱ ነው ያገኛት።»

ኸሊል የጁነይድን ትከሻ ቸብ አደረገው። «እንዲህ ያለ ልጅ ይባረክ» አለ።

ከዚህ የተሻለ ሰዓት አልነበረም፤ ከዚህ የከፋም አልነበረም። ጁነይድ «አቦ…» ብሎ ጀመረ።

«ሃዬ፣ ልጄ?»

ፊታቸው ላይ ያለውን እፎይታ አየ። በምስክር ፊት ሊዋረድ ነው። ነገ ብቻችንን ስንሆን እነግራቸዋለሁ አለ በልቡ።

«አውቀዋለሁ» አላቸው።

ያ ነገ አልመጣም። ሀጂ ዋርሳሜ በዚያው ሌሊት አረፉ።

ቀብር አይውልም፣ አያድርም። በማግስቱ ረፋዱ ላይ የመኪናው ሰልፍ ከጅጅጋ ወጣ። አስከሬኑ ከኋላ በአይሱዙ ተጭኗል፤ ጁነይድ በሱዙኪዋ ከፊት ይመራል፤ ኸሊል በአባቱ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሱዙኪዋ በየጉድጓዱ ትዘላለች። ኸሊል ወገቡን ይዞ «ያ አላህ» ይላል። ጁነይድ አሁን እንኳ «አላውቀውም» ቢል የሚገድለው የለም። ሰልፉ ተመልሶ ከተማ ይቀብራል፣ እሱ ዕድሜ ልኩን ያፍራል፣ አለቀ። አፉን ስንት ጊዜ ከፈተ፣ ስንት ጊዜ ዘጋ። በመጨረሻ ግምቱን ይዞ ሜዳው መሀል አቆመ። የዋሸበት ቦታ መሆኑን እንኳ እርግጠኛ አልነበረም።

ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን አነሡ። መሬቱ እምቢ አለ። «ይኼ አፈር ተነክቶ አያውቅም እንዴ?» አለ አንዱ እያለከለከ። ጁነይድ አንዲት ድንጋይ፣ አንዲት ምልክት ብቅ ትል እንደሆነ ብሎ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ አየ። የወጣው ቀይ አፈር ብቻ ነው።

አስከሬኑን ሲያወርዱ ኸሊል ወደ ጁነይድ ዞረ። «እናትህ በየት በኩል ናት? ወደሷ እናስጠጋቸው።»

ሕዝቡ ሁሉ ጁነይድን አየው። ጁነይድ እጁን ዘረጋ።

«በዚህ በኩል» አለ።

እዚያ የቆሙት ሰዎች ደነገጡ። «አስተግፊሩላህ» እያሉ ፈጥነው ፈቀቅ አሉ። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው በጫማቸው የረገጡትን አፈር በመዳፋቸው ደለደሉት፤ ይቅር በይኝ እያሉ። ቀብሩ እስኪያልቅ ድረስ ያቺን ባዶ መሬት ማንም አልረገጣትም።