ያለ ለቅሶ የተተከለ ድንኳን

የጉርድ ሾላ ሰው «የገሰሰ ድንኳን» የሚለው የዕድሩን ድንኳን ነው። ድንኳኑ የገሰሰ ሆኖ አይደለም፤ አሥራ ሁለት ዓመት የዕድሩ ንብረት ክፍል ሆኖ ሲያጥፈው፣ ሲጥፈውና ከአይጥ ሲጠብቀው ስለኖረ ነው። አንድ ጎኑ ላይ የአንሶላ ስፋት ያለው አረንጓዴ እራፊ አለበት፣ ከሩቅ የሚለየውም በእሱ ነው። ያ እራፊ በሰው ደጅ ከታየ «ምን ተገኘ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ «ማን ሞተ?» ነው ጥያቄው።

ስለዚህ ራህማ በታኅሣሥ መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ መጥታ «ጋሼ፣ ድንኳኑን ለጨዋታ ይስጡን» ስትለው ገሰሰ የሰማውን ማመን አቃተው።

ራህማ የዕድሩ ዳኛ የሐጂ ሙዘሚል ልጅ ናት፤ እዚያው ሰፈር ትምህርት ቤት ስፖርት ታስተምራለች። ዕድርተኛው አንድ እሁድ ተሰብስቦ እንዲጫወት ያሰበችው እሷ ነበረች። እውነቷን እኮ ነው! ዕድር ማለት በደህናው ቀን ደጅህን የማይረግጠው ሁሉ ስትሞት ተሽቀዳድሞ የሚደርስበት ማኅበር ነው። አንድ ቀን እንኳ በቁም ለምን አንገናኝም አለች። ሕግም አወጣች፦ አንድ ቡድን ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነ አንድ ሰውና ከአሥር ዓመት በታች የሆነ አንድ ልጅ ከሌለው አይጫወትም። አባቷ ሐሳቡን ለጉባኤው ሲያቀርቡ ሰዉ ሳቀ። የተቃወመ ስላልነበረ ሳቁ እንደ ድምፅ ተቆጠረና ጸደቀ።

«ድንኳን ጃንጥላ መሰለሽ?» አላት ገሰሰ። «በሆነ ባልሆነው አይዘረጋም።»

«ጥላ ከሌለ እኮ እናቶች አይመጡም፣ ጋሼ። እነሱ ካልመጡ ደግሞ ጨዋታው የልጆች ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሜዳው እንደሆነ እርስዎ ደጅ ነው፤ ሌላ የት ሄጄ ልትከለው?»

ገሰሰን ያስጨነቀውም ይኸው «እርስዎ ደጅ» ያለችው ነበር።

ልጁ ስንሻው በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ሰባት ዓመት ሆኖታል። መንግሥት ሲለወጥ የሰፈሩ ልጆች እግራቸው አብጦ፣ ጫማ የሌለውም በባዶ እግሩ፣ አንድ በአንድ ገቡ። ስንሻው አልገባም። እናቱ አፀደ «ሱዳን ተሻግሮ ይሆናል» የሚል ሰው አግኝታ ያንን ወሬ ይዛ ቀረች። አልጋውን በየሳምንቱ ታነጥፋለች፤ ስለ ሱዳን የሚያወራ ሰው ካገኘች ደግሞ ቆማ ትሰማለች።

ገሰሰ ግን ያውቃል። በሰማንያ አራት ጥቅምት ላይ፣ ገና ሾፌር ሆኖ ከናዝሬት እህል በሚያመላልስበት ጊዜ፣ አንድ ክንዱን ያጣ ወታደር ሻይ ቤት ውስጥ አገኘው። ወታደሩ ገሰሰ የስንሻው አባት መሆኑን ሲረዳ የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። የትኛው ተራራ ላይ እንደነበር፣ በስንት ሰዓት፣ ማን አፈር እንዳለበሰው፣ ሁሉንም ነገረው። ገሰሰ መኪናውን እየነዳ ቤቱ ደረሰ። አፀደ በር ከፍታ «ደህና ዋልክ? ወሬ የለም?» አለችው። «ምንም የለም» አላት። ነገ እነግራታለሁ ብሎ ተኛ፤ ያ ነገ ይኸውና አራት ዓመት ሆነው።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ጠፍቶት አይደለም። ሽማግሌ ይመረጣል፤ በማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ይኬዳል፤ የሚደግፍ ሰው በጎን ይዘጋጃል። እሱ ራሱ የስንቱን ቤት መርዶ አርድቷል! በገዛ ቤቱ ሲደርስ ግን ሆድ ይፍጀው ብሎ ዋጠው። አሁን ያ ድንኳን በደጁ ሊቆም ነው። ለማን መቆም እንደነበረበት የሚያውቅ ደግሞ ከእሱ በቀር ሰው የለም።

እምቢ ሊል አፉን ሲከፍት አፀደ ከጓዳ ቀደመችው። «ስጣት እንጂ ገሰሰ! ምን ሆነሃል? አንድ ቀን እንኳ ደጃችን ይሳቅበት።»

እምቢ የሚልበት ምክንያት አልነበረውም። ያለውን ምክንያት ደግሞ መናገር አይችልም። ሰጣት።

እሁድ ጠዋት ድንኳኑ ተተከለ፤ ከቅዳሴ መልስ ሜዳው በሰው ሞላ። መጀመሪያ ላይ ሰዉ እንደ ልማዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በረድፍ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አንዳንዱማ ሲገባ «እግዜር ያጽናችሁ» ሊል ምንም አልቀረውም። ራህማ ፊሽካዋን ነፋችና በጆንያ ዝላይ አስጀመረች። የሰፈሩ ልብስ ሰፊ እስከ ብብቱ ጆንያ ውስጥ ገብቶ ሁለቴ ከዘለለ በኋላ በግንባሩ ተደፋ። ከዚያ ወዲያ ድምፁን ዝቅ ያደረገ ሰው አልነበረም።

ሐጂ ሙዘሚል ጀለቢያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ሰኞ ማክሰኞ ዘለሉ። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ «ሐጂ፣ መስመር ረግጠዋል፤ ይውጡ!» ስትላቸው አልረገጥኩም ብለው ተከራከሩ። የወሎ ሰው ሲከራከር ለዛው አይጠገብም፤ ልጅቷ ግን ለዛ የምትሰማ አልሆነችም፤ አስወጣቻቸው። በወዲያ በኩል እናቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሱዚ ለመዝለል ይሰለፋሉ። ላጤዎችና ባለትዳሮች ደግሞ ገመድ ለመጓተት እጃቸውን ምራቅ እንትፍ እያሉ ያሻሹ ነበር።

ገሰሰ አጥሩን ተደግፎ ቆሞ ሲያይ ባለትዳሮቹ ጠሩት። ስልሳ ያለፈው ሰው የለንም አሉ። ጎትተው ከገመዱ ጫፍ አደረሱት። ጭነት ሲያስር የኖረ ሾፌር ነውና ገመዱን በወገቡ ዞር አድርጎ ተረከዙን መሬት ውስጥ ቀበረ። «ጋሼ፣ ይልቀቁ!» ይላሉ ላጤዎቹ። «ሠላሳ ዓመት ትዳር ያልለቀቅሁ ለእናንተ ልለቅ?» አላቸው፤ ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ። ድምፁን ራሱ ሲሰማው እንግዳ ሆነበት።

ሁለተኛውን ዙር ለመጓተት ገመዱን እንደያዘ ዞር ሲል አፀደን አያት። ነጠላዋን በወገቧ ሸብ አድርጋ፣ ማንኪያ በጥርሷ ነክሳ፣ በማንኪያው ላይ ሎሚ ይዛ ትሮጣለች። ከቡድኗ ሕፃን ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛለች። መሳቅ አማራት፤ ከሳቀች ደግሞ ሎሚው ይወድቃል፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ አላያትም። «እንኳንም አልነገርኳት» አለ በልቡ። በአራት ዓመት ውስጥ በዝምታው ደስ ያለው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የማያውቀው ነገር ቢኖር ወሬው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሾላ ገበያ መግባቱን ነው። በአስፋልቱ ያለፈ አንድ የታክሲ ተሳፋሪ አረንጓዴውን እራፊ በገሰሰ ደጅ አይቷል። ጊዜው ጾመ ነቢያት ነው፤ ሰርግ የለም። በክርስቲያን ደጅ በጾም የዕድር ድንኳን ከቆመ ነገሩ አንድ ነው፤ ተሳፋሪውም አልተሳሳተም፣ ያየውን ነው ያወራው። ወሬው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲል የአፀደ ታናሽ እህት ማሚቱ በርበሬና ኮረሪማ ከምትሸጥበት መደብ ደረሰ። ባልና ሚስቱ በደህና መኖራቸውን ሐሙስ ዕለት አይታለች። እንግዲህ የቀረው ስንሻው ነው። መደቧን ለጎረቤት ጥላ ተነሣች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ! ድምፅዋ ከሰውነቷ ቀድሞ ሜዳው ደረሰ።

«ስንሻዬ! ስንሻዬ! አፈር ማን አለበሰህ፣ የእኔ ዓለም!»

ከሁለት የገበያ ጓደኞቿ ጋር ደረቷን እየደቃች መጣች። «ምነው እታለም! ምነው! ለእኔ ለእህትሽ እንኳ ሳታስነግሪ ድንኳን ትተክያለሽ?»

ሜዳው ቀጥ አለ። ልጆቹ ሲያንከባልሉት የነበረው ኳስ ቦይ ውስጥ ገባ፤ የሚያመጣው ጠፋ። ከዚያ ዕድርተኛው ማንም ሳያዘው የለመደውን አደረገ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ጆንያ ውስጥ የነበሩት ወጥተው ጆንያውን አጥፈው ያዙ። ለጨዋታው ሁሉም ትእዛዝ ይፈልግ ነበር፤ ለለቅሶ ግን አስተማሪ አላስፈለገውም።

ራህማ እየሮጠች ደረሰች። «እትዬ ማሚቱ፣ ጨዋታ ነው! በአላህ፣ ጨዋታ ነው እኮ!»

«ድንኳን ተክሎ ጨዋታ?» አለች ማሚቱ በእንባዋ መሃል። «ማንን ታሞኛለሽ?»

አፀደ ማንኪያውን ከአፏ አወጣች። ሎሚው ወደቀ። «አንቺ፣ አብደሻል? ልጄን በቁሙ ታለቅሽበታለሽ?» አለቻት፤ ድምፅዋ ግን ቁጣ አልሆነላትም። ወደ ባሏ ዞረች። «ገሰሰ፣ ንገራት እንጂ። ተሳስተሻል በላት።»

ቀላል ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ጠዋት ማታ ሲለው የኖረውን አንዴ መድገም ብቻ ነው። ሰዉ ሁሉ ይህን ጠብቆ ወደ እሱ ዞረ። ሐጂ ሙዘሚል «በላት እንጂ፣ ገሰሰ» አሉ።

አፉን ከፈተ። ማሚቱ የመጣችው በስህተት ነው፤ የምታለቅሰው ግን እውነት ነው። ልጁ በዚህ ምድር ላይ በወጉ ሲለቀስለት ገሰሰ ገና ዛሬ መስማቱ ነው፤ «ስንሻዬ» የሚለው ቃል በጆሮው ውስጥ እያለ ልጁን መልሶ መካድ አቃተው። አፉ ተከፍቶ ቀረ። ገመዱ አሁንም በወገቡ ነበር።

አፀደ አየችው። ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረች ሴት ናት፤ የዝምታውን ዓይነት ትለያለች። ቀስ ብላ ቀረበች።

«መቼ ነው የሰማኸው?»

«በሰማንያ አራት። ጥቅምት ላይ።»



«ማን አለቀሰለት?»

«እኔ» አለ። «መኪና ውስጥ። ለብቻዬ ስነዳ።»

አፀደ ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ የምትል ትመስል ነበር። ቀጥሎ ፊቷ ተለወጠ።

«አንተስ አለቀስክለት» አለችው። «እኔ እናቱ ሎሚ ይዤ ስሮጥ፣ ቆመህ አየኸኝ?»

 ወደ እህቷ ዞረችና አንገቷ ላይ ወደቀች። ሰባት ዓመት የታፈነው ሁሉ ወጣ፤ ከአስፋልቱ ማዶ ያሉት ሱቆች ድረስ ተሰማ። ሴቶቹ ከበቧትና ደግፈው ወደ ድንኳኑ ወሰዷት።

ራህማ ፊሽካዋን በጡጫዋ ጨብጣ እያለቀሰች ገሰሰ ጋ መጣች። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ ነኝ ያስተከልኩት።»

«አንቺማ ደግ ነው የሠራሽ» አላት፤ ከልቡ ነበር።

ሐጂ ሙዘሚል ጀለቢያቸውን አራግፈው ቀረቡ። ከእንግዲህ የሚናገሩት እንደ ዳኛ ነው። «ለዛሬ ብቻ ነበር የተተከለው። እናንሳው ወይስ ይቆይ?»

«ይቆይ» አለ ገሰሰ።

ለአንድ ቀን ተብሎ ላላ ብሎ የተመታውን ካስማ ላጤዎቹ ዞረው እንደገና መቱት፤ ሦስት ቀን መቆም አለበትና። አግዳሚው በረድፍ ተስተካከለ። ልጆቹ ሱዚውን ጠቅልለው ጥግ ይዘው ተቀመጡ፤ ወደ ቤት ግቡ ያላቸው የለም።

ገሰሰ ገመዱን ከወገቡ ፈትቶ ወደ ድንኳኑ ገባ። አሥራ ሁለት ዓመት በዚህ ድንኳን ውስጥ ሰው ሲያስቀምጥ ኖሯል፤ አረጋዊ የት፣ ካህን የት፣ የሩቅ እንግዳ የት እንደሚቀመጥ ዓይኑን ጨፍኖ ያውቃል። አሁን ግን መሃል ላይ ቆሞ ቀረ፤ እሱ የት መቀመጥ እንዳለበት ጠፋው። ሐጂ ሙዘሚል ክንዱን ያዙት። «አብሽር ወንድሜ፣ ና» አሉና ወስደው በሐዘንተኛው ቦታ፣ አፀደ አጠገብ አስቀመጡት። አፀደ ቀና ብላ አላየችውም፤ ግን ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።