አልጋ ሰባት፣ ስንት ደቂቃ?

ለሚመለከተው ሁሉ እንዲታወቅ፦ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ በአጥንትና መገጣጠሚያ ክፍል፣ አልጋ ቁጥር ሰባት ላይ፣ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ተቆልፏል። ድርጊቱን አንድ ዶክተር፣ አንዲት ነርስ እና አልጋ ስምንት ላይ እግሩን በጀሶ ታሽጎ የተኛ የከባድ መኪና ሾፌር በዓይናቸው አይተው አረጋግጠዋል። ቀጥሎ ሁለተኛው ተቆለፈ። ሦስተኛውም። አምስቱም በአንድ ደቂቃ ከሩብ አለቁ። ዶክተሩ ተደስቶ ካርዱ ላይ ሊጽፍ እስክሪብቶውን ሲያወጣ፣ ነርሷ ወደ ሸሚዙ ጎንበስ ብላ አየችና፣

«ዶክተር፣ እንዳይጽፉ» አለች።

የአልጋ ሰባቱ ሰው ልብስ ሰፊ ናቸው። በአርባ ዓመት ውስጥ የከተማውን ግማሽ ወገብ ለክተዋል፤ ማን እንደወፈረ፣ ማን ደግሞ ወፍሮ እንደሚክድ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። አሁን ግን የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ አብጦ፣ ጠዋት ጠዋት እጃቸው እንደ ደረቀ ጓንት ይገተራል። ነርሷ በሽታውን የምታስረዳው በራሷ መንገድ ነው።

«ሰውነታችሁ ዘበኛ አለው፤ ሌባ ይጠብቃል። የእናንተ ዘበኛ ግን ባለቤቱን ከሌባ መለየት አቅቶት የገዛ ጌታውን ጣት ይቀጠቅጣል። መድኃኒቱ እሱን አደብ ለማስገዛት ነው።»

«ለምን ጭራሽ አታባርሩትም?» አላት አንድ ቀን ሾፌሩ።

«ከተባረረ በኋላ ሌባ ሲመጣ አንተ ተነሥተህ ታባርራለህ?»

ሾፌሩ ጀሶውን አየ።

በሽተኞቹ ለዚህች ነርስ «ሲስተር ደቂቃ» የሚል ስም አውጥተውላታል። ሲነጋ ከአልጋ አልጋ እየዞረች የምትጠይቀው አንድ ነገር ነውና፦ «ዛሬ ስትነቁ መገጣጠሚያችሁ ስንት ደቂቃ አስሮ አቆያችሁ?» እንደምን አደራችሁ የሚመጣው ከመልሱ በኋላ ነው። ደቂቃው ከበዛ ዘበኛው አብዷል፤ ካነሰ መድኃኒቱ ሠርቷል።

ልብስ ሰፊው ሦስት ሳምንት ሙሉ የመለሱላት አንድ ቃል ነው፦ «አሥር።»

እውነቱ መቶ ሃያ ነበር።

የዋሹበት ምክንያት አላቸው። ሴት ልጃቸው ርእሰ መምህርት ናት፤ እራት ቀርቧል ስትል እንኳ ሰው ተሰልፎ መሄድ ያለበት ይመስለዋል። እሷ ደግሞ ወስናለች፦ ሱቁ ይዘጋል፣ የስፌት መኪናው ይሸፈናል፣ አባቷም እሷ ቤት በተዘጋጀላቸው ክፍል መስኮት ሥር ተቀምጠው ያርፋሉ። ለልብስ ሰፊው መስኮት ሥር ማረፍ ማለት የአላፊ አግዳሚውን ጠማማ ኮሌታ እያዩ ምንም ማድረግ አለመቻል ነው። ዶክተሩ ገላጋይ ሆኖ ገባ፦ አባትየው በጠዋት የሕሙማን ጉብኝት፣ በራውንድ ጊዜ ባለ አምስት ቁልፍ ሸሚዝ በሁለት ደቂቃ ብቻቸውን ከቆለፉ ወደ ቤታቸውና ወደ ሱቃቸው ይሄዳሉ፤ ካልቻሉ ወደ ልጃቸው።

ትንሽ ቁጥር ቶሎ ያስወጣል ብለው ነው እንግዲህ አሥር ያሉት። ዶክተሩ ግን አሥር የሚለውን አይቶ «መድኃኒቱ ተስማምቷቸዋል» ብሎ መጠኑን እንዳለ ተወው። ጣታቸው ካርዱን አላነበበም። በመጀመሪያው ፈተና ሁለት ቁልፍ ቆለፉ፤ በሁለተኛው አንድ።

ያን ጊዜ ነው ወደ አልጋ ስምንት የዞሩት።

«አንተ፣ እጅህ ደህና ነው?»

«ጋሼ፣ የተሰበረው እግሬ ነው።»

«በል ይህን ሸሚዝ ያዝ።»

ልብስ ሰፊው የትም ቢሄዱ ከኮታቸው ገበር ላይ መርፌና ክር አይለይም። ሾፌሩ የመላጫ ምላጩን አዋጣ። እቅዱ ቀላል ነበር፦ የቁልፍ ቀዳዳዎቹ በምላጭ ተቀደው ሰፋ ይደረጋሉ፣ ጠርዛቸው ይዘመዘማል፣ ማንም ሳያውቅ ቁልፎቹ በራሳቸው እግር የሚገቡ ይመስል ሹልክ ይላሉ።

«ቀስ! ሸሚዝ ነው፣ ጎማ አይደለም የምትቀደው።»

«እኔ እኮ ሠላሳ ቶን የምነዳ ሰው ነኝ ጋሼ።»

«ያስታውቃል። አሁን በጣትህ ጫፍ ያዝ። ወደ ራስህ ሳብ። አታጥብቀው! ምን አደረገህ ክሩ?»

«ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ።»

«ሠላሳ ቶን አላላበህ፣ አንድ መርፌ አላበህ።»

የመጀመሪያው ቀዳዳ ቡጢ የቀመሰ ዓይን መሰለ። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ግን ልብስ ሰፊው ሸሚዙን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዩትና «ሰው ይለብሰዋል» አሉ። ይህን ቃል በአርባ ዓመት ያገኙት ሦስት ተማሪዎች ብቻ ናቸው። ሾፌሩ እስኪመሽ ለብቻው ፈገግ ሲል ዋለ።

እና ማክሰኞ ሆነ፤ ሲስተር ደቂቃም ጎንበስ አለች።

«በዚህ ቀዳዳ እኮ ብርቱካን ያልፋል» አለች። ጠርዙን ገልብጣ አየችው። «ስፌቱ ግን ያምራል። የማን እጅ ነው?»

ሾፌሩ የጣሪያውን ቀለም መመርመር ጀመረ። ዶክተሩ መሳቅ ፈልጎ፣ ዶክተር መሆኑ ትዝ ሲለው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ራውንዱ ካለፈ በኋላ ሲስተር ደቂቃ ተመልሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ስንት ደቂቃ?»

«አሥር።»

ካርዱን አልጋው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ፣ «ሻይዎን ከቀዘቀዘ በኋላ በሁለት መዳፍ ነው የሚይዙት። የጋዜጣውን ገጽ የሚገልጥልዎ ይሄ ሰውዬ ነው። እያየሁ፣ ያሉኝን ጻፍኩ። ግማሹ ጥፋት የእኔ ነው» አለች።

ልብስ ሰፊው ይህን አልጠበቁም። ለቁጣ ተዘጋጅተው ነበር፤ ለቁጣ መልስ አላቸው።

«መቶ ሃያ» አሉ በመጨረሻ። «አንዳንድ ቀን መቶ ሃምሳ።»

«ለምን ደበቁኝ?»

«ልጄ፣ እኔ ሰው ስለካ ነው የኖርኩት። ተለክቼ አላውቅም።»

«ልክዎን ካልሰጡኝ ታዲያ በምን ልስፋልዎ?»

ይህንን ልብስ ሰፊ አይከራከረውም። ጠባብ ሱሪ አሰፍተው የሚያለቅሱ ሁሉ መጀመሪያ ሲለኩ ሆዳቸውን ያስገቡ እንደሆኑ ያውቃሉ።

ሲስተር ደቂቃ ዶክተሩን በኮሪደር ይዛ የሁለት ሳምንት ጊዜና አንድ ሌላ ነገር ጠየቀችው፦ የፈተናው ሰዓት እንዲገፋ። «ሰውየው ቤታቸው ሁለት ሰዓት ላይ የሚያስቸኩላቸው የለም። አራት ሰዓት ላይ ቢለብሱ ማን ይከሳቸዋል?» ዶክተሩ እውነተኛውን ቁጥር ሲያይ መድኃኒቱን ለወጠው። ሌሊት ጣቶቻቸው ሳይጣመሙ የሚያርፉበት የእጅ መደገፊያ ታሰረላቸው። ጠዋት ሃያ ደቂቃ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ስፖንጅ ይጨምቃሉ፤ ሾፌሩ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፣ ሠላሳ ላይ ሲደርስም ሆን ብሎ ይሳሳታል።

«ሃያ ስድስት…»

«አንተ ሌባ! ሠላሳ ደርሰናል!»

«ይቅርታ ጋሼ፣ ትምህርት አቋርጬ ነው።»

መቶ ሃያ ዘጠና ሆነ፤ ዘጠናው ሰባ። አንድ ቀን ተመልሶ መቶ ሲሆን ልብስ ሰፊው «መቶ» አሉ፣ ሳይቀንሱ። ሲስተር ደቂቃ በማግስቱ እንደምን አደሩን አስቀደመች።

ፈተናው አራት ሰዓት ላይ፣ ልጃቸው ከቤቷ ባመጣችው፣ ምላጭ ባልነካው ሸሚዝ ተደረገ። አንደኛው ተቆለፈ። ሁለተኛው ሁለቴ ሸሽቶ ተያዘ። ሾፌሩ ትንፋሹን ውጦ አንገቱን እንደ ሰጎን አስረዘመ። አምስተኛው ሲገባ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ነበር። ዶክተሩ ጻፈ።

ርእሰ መምህርቷ ግን ክርክር በአንድ ፈተና አትዘጋም።

«እሺ አባዬ፣ ሸሚዙን ለበስክ። መርፌውስ? ሱቅ ሄደህ ምን ልትሠራ ነው?»

«መርፌውን አልችልም» አሉ ልብስ ሰፊው። ውሸት ለምዶ የነበረ አፍ ስለሆነ ራሳቸውም ገረማቸው። «እለካለሁ፣ አስቆርጣለሁ። የሚሰፋ እጅ አግኝቻለሁ።»

«የማን?»

ልብስ ሰፊው በአገጫቸው ወደ አልጋ ስምንት ጠቆሙ።

«ሾፌር?!»

«ስድስት ወር መሪ አትይዝም ተብያለሁ፣ እትዬ» አለ ሾፌሩ። «ቤት ከምቀመጥ ብዬ ነው።»

ልጅቷ ያንን የማጭበርበሪያ ሸሚዝ ከኮመዲኖው ላይ አነሣች። የመጀመሪያውን ቀዳዳ አይታ ፊቷን አኮሳተረች። አምስተኛው ላይ ቆየች፤ በጥፍሯ ጠርዙን ፈተነችው። የልብስ ሰፊ ልጅ ናት፣ ሳትወድ ታውቀዋለች።

«አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ» አለች። «በየጠዋቱ ስደውል ስንት ደቂቃ እንደሆነ ትነግረኛለህ። እውነተኛውን።»

«ደግሞ ሁለተኛ ሲስተር ደቂቃ» አሉ አባትየው፤ ግን እየሳቁ ነበር።

ከወር በኋላ፣ የሾፌሩ የሥራ ጓደኞች፣ አራት ግዙፍ ሾፌሮች፣ ሊጠይቁት ወደ ሱቁ መጡ። ልብስ ሰፊው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው የአንዱን ደንበኛ ትከሻ ይለካሉ፤ ደንበኛው ሆዱን አስገብቷል፣ እሳቸውም እስኪተነፍስ ቆመው ይጠብቁታል። ሾፌሩ የተሰበረ እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቶ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ የሕፃን ልጅ ሮዝ ቀሚስ ኮሌታ ላይ ትንንሽ አበባ ይጠልፋል።

አራቱም በሩ ላይ ቆሙ።

«አንተ!» አለ ትልቁ። «ምንድን ነው ይሄ? ምን ሆነህ ነው? ምን አድርገውህ ነው?»

ሾፌሩ ክሩን በጥርሱ በጠሰ፤ ቀና ሳይል ቀጣዩን አበባ ጀመረ።

«መርፌ ይዞ ለማያውቅ ሰው አላስረዳም» አለ።