በፍልሰታ የተበላችው እንቁራሪት

ይህን ስጽፍ ጾም ላይ ነኝ፤ በፍልሰታ የዋሸ ምላሱ እንደ ቋንጣ ይድረቅ! አንዲት ቃል ከጨመርኩ ሀና ማርያም ደጇን አታስረግጠኝ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጀሞ፣ ያሕያ አዳራሽ። መቶ ሃያ ወንበር ላይ ሦስት ሺህ ሰው ተቀምጧል። የጎረቤታችን ልጅ ቤተልሄም ሁለት ዓመት የለፋችበትን ፊልም ልታሳየን ነው፤ መኪናቸው የተገለበጠባቸው አምስት ሰዎች ረግረግ ውስጥ ይጠፋሉ፣ ከጭቃው የሚወጣ አውሬ አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል። የአዳራሹ ባለቤት ያሕያ ቁርጡን ነግሯታል፦ «ተመልካች ከወደደው ሳምንትም ይታያል። ካልወደደው ማስታወቂያውን ዛሬውኑ አወርዳለሁ።»

እኔ መኩሪያ፣ ፊልም በመተቸት ከነፋስ ስልክ እስከ ሞያሌ የታወቅሁት፣ ከባለቤቴ ከተሾመች ጋር ፊት ወንበር ያዝኩ። አውሬ እንደሆነ አያስፈራኝም። ጊቤ ዳር የመንገድ ሥራ ሾፌር ሳለሁ አዞ እኔን ሲያይ መንገድ ይለቅ ነበር።

ግን ቆሻሻው! አልቅቱ የመኪና ጎማ ያክላል። ንፍጥ ይሁን ጭቃ ያልለየለት ነገር ከስክሪኑ እየተንጠባጠበ ጫማዬን አራሰው ብላችሁስ! ይባስ ብሎ ከአምስቱ አንዱ፣ የተራበው ሰውዬ፣ «እንቁራሪት!» ብሎ ጮኾ አንዲቷን ያዘ። ከነነፍሷ! ከዚያ መመጥመጥ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ምጥምጥ፣ ምጥምጥ... አጥንቷን ሳይቀር ላሰው። የእንቁራሪት ደም ጣፋጭ ሽታ እንዳለው ያን ቀን አወቅሁ።

መብራት በርቶ ያሕያ «እህ፣ አስተያየት?» ከማለቱ ማይኩን ነጠቅሁት።

«ወገኖቼ፣ ይህ ፊልም ሳይሆን ትውከት ነው! በፍልሰታ እንቁራሪት አበላችን! አፌ ጾሟል፣ ዓይኔ ግን ገድፏል። ለንስሐ አባቴ ምን ልበል?»

«እንቁራሪት?» አለች ቤተልሄም፣ ፊቷ አመድ መስሎ። «ጋሼ መኩሪያ፣ የተበላችው የቷ እንቁራሪት ናት?»

«አታፍሪም ደግሞ! ለመሆኑ አንቺን ማን ነው ያሳደገሽ?»

«እርስዎና እትዬ ተሾመች ናችኋ!»

ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን በሳቅ የምበገር ሰው አይደለሁም፤ «ይውረድ!» ስል ሦስቱም ሺህ አጨበጨበልኝ። ያሕያ ራሱን ነቅንቆ ማስታወቂያውን ከአንድ ጥጉ መላጥ ጀመረ። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ይኼኔ ተሾመች ነጠላዋን እያጣጠፈች፣ ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ፦

«ያሕያ፣ መልሰህ ለጥፈው» አለች። «መኩሪያ ገና የመጀመሪያዋ አልቅት ብቅ ስትል ነጠላዬ ውስጥ ገብቶ፣ እስኪያልቅ አልወጣም። ሰውየው እንቁራሪቷን አልበላትም፤ አሳዝናው ለቀቃት። ያ የሰማው እኔ ማንጎ ስመጠምጥ ነው።»