ከ«ቀ» ወዲያ ያለው ሳጥን

«የሚመዘገበው ተማሪ ነው ወይስ ቅርስ?»

ወረቀቱ የጠየቀኝ ይህን ነበር። ያን ጊዜ መልሱ ቀርቶ ጥያቄውን ማንበብ አቅቶኝ ነበር። ልጄ ልብስ ንጽሕና ቤት ሸሚዝ ትተኩሳለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ባህል፣ ቅርስና ነገረ መለኮት ልትማር ቆረጠች። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ከፈረቃዋ ጋር ገጠመባትና፣ «እማዬ፣ አደራሽን፣ አንቺ ሄደሽ አስመዝግቢኝ» አለችኝ።

ትምህርት ክፍሉ ወረቀት ለመቆጠብ ሲል ሰውንም ዕቃንም የሚመዘግበው በአንድ ቅጽ ነው። ሁለት ሳጥን አለው። እኔ በጎልማሶች ትምህርት ቤት ገና «ቀ» ላይ ነበርኩ፤ «ተ» አልደረስንም። አንደኛውን ቃል ባየው ባየው እምቢ አለኝ። ሁለተኛውን ግን ቅ... ር... ስ ብዬ አነበብኩት! ከደስታዬ ብዛት እሱው ላይ ምልክት አደረግሁ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ልጄን ወንበር ከለከሏት። አንገቷ ላይ ቁጥር አንጠልጥለው በተሰነጠቀ ማሰሮና በአሮጌ በር መካከል አቆሟት። የባህል መምህሩ በዘንግ እየጠቆሙ፣ «እጇ ላይ ያለውን የካውያ ጠባሳ ልብ በሉ» አሉ። የነገረ መለኮቱ መምህር ደግሞ፣ «ቅርስ ነፍስ አለው ወይ?» ብለው ክፍሉን ለሁለት ከፈሉት። ልጄ ልትመልስ እጇን ብታወጣ፣ «ቅርስ አይናገርም» አሏት።

ይህን ስሰማ እየሮጥኩ መዝጋቢዋ ዘንድ ሄድኩ።

«በእናትሽ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሰርዢልኝ።»

«ቅርስ አይሰረዝም፣ እናቴ። ቢጎድል እኛ ነን የምንጠየቀው።»

«ተማሪ ናት እኮ! አንድ ቅዳሜ ከቀረች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል ብላችኋል።»

«መተካት ይቻላል። ተተኪው ግን ከሷ የቆየ መሆን አለበት።» ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «እርስዎ እንኳን...»

«ጨርሺው እንጂ!»

«ይሆናሉ።»

ክፍሉ ገብቼ ቁጥሩን ከልጄ አንገት አውልቄ እኔው አጠለቅሁት።

«እማዬ፣ አበድሽ?»

«ዝም ብለሽ ተቀመጪና ጻፊ! ደግሞ አትጉበጪ!»

አራት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ቆምኩ። በሥራ ቀን ፊደሌን እስከ «ፐ» ዘለቅሁት። ልጄ የመመረቂያ ጽሑፏን የሠራችው በኔ ላይ ነው፤ «ቅርሱ ሲቆጣ ዝም ማለት ይመከራል» ብላ ጽፋለች። ዘጠና አምስት አገኘች።

በምርቃቷ ቀን የቅርስ ቆጠራ ነበር። መዝጋቢዋ ያንኑ ቅጽ አቀበለችኝ።

«አሁን ማንበብ ችለዋል አሉ። ራስዎ ይሙሉት።»

ተ... ማ... ሪ። ምልክት አደረግሁ።

«ተማሪ ፈተና አለበት እኮ።»

«ይኑርበት።»

«በእርስዎስ ቦታ ማን ይተካል?»

የባህል መምህሩ ጡረታቸው ደርሶ ነበር፤ በዕድሜም ይበልጡኛል። ቁጥሩን እንዳጠልቅላቸው አንገታቸውን ዝቅ አደረጉልኝ፤ ዘንጉን ለልጄ ሰጧት።

ልጄ ዘንጉን ይዛ ተመርቃ ወጣች። መምህሩ ከማሰሮው አጠገብ ቀሩ፤ እኔም እሷ ወንበር ላይ ቀረሁ።