ትልቁ ማይክ ለማን

የብርጓል በይጁቤ ሠርግ ሁሉ ዘፈን የምታወርድ ሴት ናት። እሷ ያላወረደችበት ሠርግ ሠርግ አይባልም፤ እንዲህ የምትለው ግን ራሷ ናት። የባሏ እህት ወለላ ተቀባይ ናት፤ ዘፈኑ ሲደምቅ ሁልጊዜ ከየብርጓል ትከሻ ኋላ ትቆማለች።

ደብረ ማርቆስ ላይ ስቱዲዮ የከፈተው መሳፍንት የሠርግ ዘፈናቸውን ሊቀርጽ ከሌሎች ተቀባዮች ጋር አስጠራቸው። ግድግዳው በሙሉ በስፖንጅ ስለተለበጠ ፍራሽ ውስጥ የገቡ መሰላቸው። ከበሮና ጭብጨባ በኋላ ይጨመራል፣ አሁን ድምፅ ብቻ ነው አላቸው። ከዚያ ሁለት ማይክ አወጣ። አንዱ ወፍራም፣ በላስቲክ የተንጠለጠለ፣ ፊቱን ክብ ጨርቅ የጋረደው ነው። ሌላው መድረክ ላይ ሲወድቅ ሲነሣ የኖረ፣ አናቱ የተጨረማመተ ነው። የተጨረማመተውን ለየብርጓል ሰጥቶ ትልቁን ወለላና ሌሎቹ ተቀባዮች ፊት አቆመው።

የብርጓል ሆዷ ተቃጠለ። አማቷ በሕይወት ሳሉም ጮማውን ለልጃቸው ለወለላ ያጎርሱ ነበር፤ ለእሷ የሚደርሳት አጥንቱ ነው። አሁን ደግሞ ማይክ።

መሳፍንት ሊያስረዳት ሞከረ። የእሷ ድምፅ ጉልበተኛ ስለሆነ ትንሿ ማይክ ትችለዋለች፤ ከአፏ ሥር ያለውን እንጂ ሌላውን አትሰማም። ትልቁ ግን የዝንብ ክንፍ ሳይቀር ስለሚሰማ፣ ራቅ ብለው ለሚቆሙት ይሆናል።

«ስማ ልጄ፣» አለች የብርጓል፣ «የጠራኸው እኔን ነው እሷን?»

«እማማ፣ ለድምፅዎ አስቤ ነው።»

«ለድምፄ እኔ አለሁለት። ወዲህ በለው።»

አመጣላት። ወለላ እንደ ልማዷ ከትከሻዋ ኋላ ቆመች። የብርጓል ጣራ እስኪነሣ ዘፈነች፤ ጨርሳም ወለላን ገልመጥ አደረገቻት።

መሳፍንት የቀረጸውን መልሶ አሰማቸው። ከየግጥሙ በፊት ቀጭን ሹክሹክታ አለ። ወለላ ናት። ግጥሙን ከነቤት መምቻው ትነግራታለች፣ የብርጓል ተከትላ ታጓራዋለች። ሠርግ ላይ ከበሮውና እልልታው ሲውጠው የኖረ ነገር ነው። ተቀባዮቹ መሬት መሬት አዩ።

«ይቺ ደንቆሮዋ ትሻለኛለች፣» ብላ የብርጓል የተጨረማመተውን ማይክ አነሣች። «ነይ ወለላ፣ ከጆሮዬ ሥር ቁሚ።»

ወለላ ግን ወደ እሷ አልመጣችም። ቀስ ብላ ትልቁ ማይክ ፊት ሄዳ ቆመች።

«እታለም፣» አለቻት፣ «ስንት ሠርግ ሙሉ ለጆሮሽ ስናገር ኖርሁ። ይቺን አንዲት ዘፈን ለራሴ ልዝፈናት።»

የብርጓል በትንሿ ማይክ ጀመረች። የመጀመሪያውን ግጥም አለችው። ሁለተኛው አልመጣም። አፏን ከፍታ ጠበቀች፤ ከኋላዋ ማንም የለም። መሳፍንት የትልቁን ማይክ ቁመት ለወለላ አስተካከለ።

ወለላ ዘፈነች። የብርጓል ጥግ ላይ ሆና ዝም ልትል ሞከረች፣ አልሆነላትም፤ ጭብጨባ በኋላ ነው የተባለውን እያወቀች በር እንደሚደበድብ ሰው አጨበጨበች። ትልቁ ማይክም ሰማ።

ዘፈኑ አሁን ይጁቤ ገበያ ከየሱቁ ይጮኻል። ሰው የወለላን ድምፅ ሲያደንቅ የብርጓል ሆዷ እንደገና ይቃጠላል። ቆም ትልና ባለሱቁን፣ «ጭብጨባዬን አዳምጥ፣» ትለዋለች፣ «እሱን ያወጣህ ዕለት ዘፈን የለህም።»