ለዝንጀሮ የተገዛ ጠመንጃ

ጠመንጃውን የገዛሁት ለዝንጀሮ ነው። ይህንን ለሻጩም፣ ለአምቡላንሱ ሾፌርም፣ ለሐኪሙም ተናግሬአለሁ። ውሸት አይደለም። ግን ግማሹ ነው፤ ሌላውን ግማሽ እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም።

ፈጠነች እባላለሁ። ማሳዬ ከሃላሌ ከተማ ወረድ ብሎ፣ መሬቱ ወደ ኦሞ ሸለቆ ማዘቅዘቅ የሚጀምርበት ጫፍ ላይ ነው። ከበታቼ ገደል ነው፤ ገደሉ የዝንጀሮ ነው። ከጎኔ ያለው ማሳ ደግሞ የጩማ ነው። ባሌን ደጉን የገደለው ጩማ።

የተጣሉት በድንበር ነበር። በሁለቱ ማሳ መሃል ያለውን ቦይ ማን ወደ ማን ገፋው በሚል። ደጉ አካፋ፣ ጩማ ገጀራ ይዘዋል። እኔ ጩኸት ሰምቼ ስደርስ ባሌ ቦዩ ውስጥ ተጋድሟል። አንገቱን በነጠላዬ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት፤ ደሙ ግን በጣቶቼ መሃል እየፈለቀ ከቦዩ ውኃ ጋር ቁልቁል ሄደ። ቃል ሳይነግረኝ ሞተ። ጩማ ሰባት ዓመት ታስሮ ወጣ። አምና ሽማግሌዎች አስታረቁን፤ በሬ ታረደ፣ ከአንድ ሳህን አጎረሱን፣ አስማሉን። ከእንግዲህ ከሁለታችን አንዳችን አውቀን በሌላው ላይ እጅ ካነሳን፣ ያነሳው መሬቱን ለቅቆ ከቀበሌው ይወጣል። እሺ አልኩ። እምቢ ብዬስ የት እሄዳለሁ? አንድ ልጄን ሜላትን የማበላውና የማስተምረው ከዚያች ማሳ ነው። ያጎረሱኝን ግን ቤቴ ስደርስ ጓሮ ሄጄ አስመለስኩት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ዝንጀሮ ደግሞ ሴት አይፈራም። ይህን ለከተማ ሰው ስናገር ይስቅብኛል። ይምጣና ይየው! ወንድ ብቅ ሲል መንጋው ገደሉን ይወርዳል፤ ሴት ስትመጣ ዞር ብሎ ያያትና መብላቱን ይቀጥላል። ባለፈው ዓመት በቆሎዬን የጨረሰው እንዲያ ነው። አውራው፣ ያ ጋማው ትከሻው ላይ የተነሰነሰው ግዙፍ፣ ድንጋይ ስወረውርበት እሸቱን እየላጠ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ውሻዬን ፊቴ ሆዷን ዘርግፎ ገደላት። ዘንድሮም በቆሎው ካለቀ ልጄ ከትምህርት ቤት ቀርታ ሰው ቤት ትቀጠራለች። ስለዚህ ጊደሬን ሸጬ ወደ ሶዶ ወጣሁ።

ገብረሥላሴ ሱቁ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ቁልፍ ይቀርጻል፣ ቡታጋዝ ይጠግናል፣ የአየር ጠመንጃ ይሸጣል። አያቱ ናቸው ከጉራጌ አገር የመጡት፤ እሱ ወላይትኛው ከእኔ ይበልጣል፣ ዋጋ ሲናገር ግን በአማርኛ ነው።

«ለምንድን ነው የፈለግሽው?» አለኝ። «ለኢላማ ሌላ ነው፣ ለወፍ ሌላ፣ ለጃርት ሌላ።»

«ለዝንጀሮ።»

«ዝንጀሮ በዚህ አይሞትም፣ እህቴ። ያመዋል፣ ይሸሻል፣ በቃ። ኋላ አታለለኝ እንዳትዪ።»

«ይሽሽልኝ እንጂ እኔስ መች ሥጋውን ልበላ ነው!»

ሦስት አወጣልኝ። የመጀመሪያው ጥቁር፣ አዲስ፣ መነጽር የተገጠመለት ነው። እጄን ስዘረጋ ሳቀ። «ይሄ ፎቶ ለመነሳት ነው» አለና አፈሙዙን ይዞ ግራና ቀኝ ወዘወዘው። ማጠፊያው ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። «አፈሙዙ ከተነቃነቀ ዛሬ የመታሽበትን ነገ አታገኚውም።» ሁለተኛው ሞላው ተቀይሮ ከልክ በላይ የጠነከረ ነው፤ ስተኩሰው ትከሻዬን ደለቀኝ፣ ከአፈሙዙም የዘይት ጭስ ወጣ። «ይሄኛው አየር የሚይዘውን ጎሚኒውን ይበላል። የሚጮኽ ሁሉ አይመታም።» ሦስተኛው ያረጀ ነው። የእንጨት ሰደፉ በሰው ጉንጭ ብዛት አብረቅርቋል። ማጠፊያው ግን ንቅንቅ አይልም፤ ሲታጠፍ ሞላው ሳይንቋቋ ይወጠራል፤ ምላጩም ሲሳብ አያንገራግርም።

ጓሮው ውስጥ የሰርዲን ቆርቆሮ ሰቅሎ አስተኮሰኝ። መጀመሪያ ሳትኩ። «ትንፋሽሽን ግማሹን አውጪና ያዢው፤ ምላጩን አትንጪው፣ እያባበልሽ ሳቢው» አለኝ። ከዚያ በኋላ የተኮስኳቸው ሦስቱ የእርሳስ ጥይቶች በአንድ ብር ሳንቲም የሚሸፈን ቦታ ላይ ገቡ። ገብረሥላሴ ቆርቆሮውን አውርዶ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው።

«ከሃያ እርምጃ ላይ ዓይን ይመታል?» አልኩት።

«የማን ዓይን?»

«የዝንጀሮ ነዋ!»

ጥይቱን በወረቀት ሲጠቀልልልኝ ቀና ብሎ አላየኝም። እኔም ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። ቆርቆሮው ላይ ሳነጣጥር ያየሁት ዝንጀሮ አልነበረም፤ የጩማ ፊት ነበር። ሦስቴም የእሱ ፊት ነበር። ሌላው ግማሽ ይህ ነው።

ጠመንጃው ሠራ፤ ይሄን አልክድም። የደጉን ኮት ለበስኩ፣ ኮፍያውን አጠለቅሁ፣ ማማዬ ላይ ወጣሁ። መጀመሪያ አንዷን ቂጧ ላይ አገኘኋት፤ እየጮኸች ስትሮጥ መንጋው ተከተላት። ሳምንት ሙሉ እንዲያ አባረርኳቸው። አውራው ግን ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ያጠናኛል። ጩማም ከማሳው ያየኛል። ጠመንጃ መያዜን ካየ ወዲህ ሲያርም ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ነው። ፈራኝ ብዬ ደስ አለኝ። ደስታው ጣፋጭ ነበር፤ እሱን አስቤ ስቄ የተኛሁበት ቀን አለ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ጤዛው ሳይነሳ፣ አውራው ብቻውን ገባ። ማማው ላይ ሆኜ ጠበቅሁት፤ እሸት ሊቀነጥስ ቀና ሲል ጉንጩን መታሁት። ይሸሻል ብዬ ነበር። አልሸሸም። ጮኸና በቆሎው ውስጥ ገብቶ ጠፋኝ። ላየው ብዬ ከማማው ወረድኩ፤ ስህተቴ ይህ ነው። የቆሰለ አውሬ ፍለጋ የሚወርድ ሞኝ ነው፤ እኔ ደግሞ ያን ጠዋት ሞኝ ነበርኩ።

ከኋላዬ መጣ። ግራ ክንዴን ሲነክሰኝ አጥንቴ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁት። አብረን ወደቅን። የአፉ ሽታ፣ የጉንጩ ደም ፊቴ ላይ ነው። ኮቱን ከነሥጋዬ ተረተረው። በቀኝ እጄ ጠመንጃውን ከአፈሙዙ ይዤ በሰደፉ አፉን ደበደብኩት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ክራንቻው እስኪሰበር። ለቀቀኝና ጥቂት እርምጃ ሸሸ። ግን አልሄደም። ደም እየተፋ፣ መሬቱን በእጁ እየመታ ይዞረኛል።

ሰደፉን ጭኔ ላይ አስደግፌ አፈሙዙን በአንድ እጄ አጠፍኩ። እርሳሱን ስከት ጣቴ በደም ይንሸራተታል። አፈሙዙን በማማው መሰላል ላይ አሳረፍኩና ቀና አልኩ።

ጩማ ቦዩን ዘሎ እየመጣ ነው። ገጀራውን ከፍ አድርጎ፣ እየጮኸ፣ እየሮጠ። ያው ሰው፣ በዚያው ቦይ በኩል።

ሰዎች ኋላ እንዳሉት ሁሉም ነገር በቅጽበት ቢሆን ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ! አልነበረም። ጊዜ ነበረኝ። ዝንጀሮው በግራዬ ነው፣ ጩማ በፊቴ። ጩማ የሚያየው እኔን አልነበረም፤ ዝንጀሮውን ነበር። ይህን አየሁ። ሊረዳኝ እየመጣ እንደሆነ ገባኝ። ለደጉ ያልራራ እጅ ለእኔ ሊራራ? ትንፋሼን ግማሹን አወጣሁና ያዝኩ። ምላጩን አልነጨሁትም።

ግራ ዓይኑ ነው የገባው።

ገጀራው ከእጁ ወደቀ፤ እሱም በጉልበቱ ተደፋ። ሲወድቅ አይቶ ዝንጀሮው ዘሎ ወጣበት። ትከሻውን ነከሰው፤ በጥፍሩ የጭንቅላቱን ቆዳ ገፈፈው። ጩማ በዳበሳ ገጀራውን አገኘና ወደ ላይ ሰነዘረ። የመጀመሪያው የገዛ ጭኑን ቆረጠው። ሁለተኛው የዝንጀሮውን ጎን ከፈተው። ከዚያ ሳያቋርጥ፣ እየመተረ፣ እየጮኸ፣ አውሬው መንቀሳቀስ ካቆመ በኋላም መታው፤ ደሙ የበቆሎውን ቅጠል ሁሉ ረጨው። እኔ መሰላሉን ይዤ ቆሜአለሁ። አልረዳሁትም። ሌላ እርሳስ በኪሴ እንደነበረኝ ትዝ ይለኛል።

ሲያበቃ ጩማ ሬሳው አጠገብ ተቀመጠ። ካንደኛው ዓይኑ ደምና ውኃ ይፈሳል። በሌላኛው ፈለገኝ።

«ተረፍሽ?» አለኝ።

ጩኸት የሰማ ሰው መጣ፤ በሞተር ሃላሌ አደረሱን፤ ከዚያ በአንድ አምቡላንስ ጎን ለጎን አጋድመው ሶዶ ወሰዱን። ክንዴን ሰፉት፣ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ወጉኝ። የጩማን ዓይን አወጡት። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ናቸው ሲባል ወደ ክፍሉ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ምናልባት ሲሰድበኝ ልሰማ ፈልጌ ይሆናል፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ፊቱ ግማሹ በፋሻ ተጠቅልሏል። በወላይትኛ፣ ቀስ ብሎ፣ «ለሽማግሌዎቹ በስልክ ነግሬአቸዋለሁ» አለኝ። «ፈርታ ነው፣ ወደ አውሬው ስትተኩስ ነው ብያለሁ።»

«አልፈራሁም።»

«አውቃለሁ። መጨረሻ ላይ ዞር ብዬ ስታነጣጥሪ አይቼሻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ትዋሻለህ?»

«መሬትሽን ለቀሽ ልጅሽን ይዘሽ የት ትሄጃለሽ? በቆሎው ሊደርስ ነው።»

ሰላምታውን የማልፈልግ ሰው ምሕረቱን ሊያጎርሰኝ! «ደጉን ትመልስልኛለህ?» አልኩት። «ዓይንህ የእሱ ዋጋ መሰለህ? አንድ ዓይን?»

«አይደለም» አለ። «ምንም አልመሰለኝም። አውሬ ይዞሽ አየሁ፣ ሮጥኩ። ሌላ ያሰብኩት የለም።»

ያኔ ሽማግሌዎቹ ገቡ። ትልቁ አቶ ገብረአማኑኤል ናቸው፤ አስታርቀው ያስማሉን እሳቸው ነበሩ። በትራቸውን በእኔና በእሱ አልጋ መሃል ተክለው ቆሙ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«ፈጠነች፣ እሱ የሚለውን ሰምተናል» አሉኝ። «አንቺ ደግሞ እግዚአብሔር እየሰማሽ ንገሪን። አውቀሽ ነው ወይስ ሳታውቂ?»

እውነቱን ላወጣው፣ በጩማ ፊት ላይ ልተፋው፣ በውለታው ላልኖር ፈለግሁ። ሜላትን አሰብኩ። በሰው ቤት ማድ ቤት ውስጥ አሰብኳት። ማሳውን አሰብኩ፤ ከተጋደልንበት በስተቀር ያለው በቆሎ ሁሉ ደህና ነው ብለውኛል።

«ፈርቼ ነው፣ አባቴ» አልኩ። «ደንግጬ ነው። ያደረግሁትን አላውቅም።»

ጩማ ደጉን የገደለ ጊዜ ፍርድ ቤት ቆሞ የተናገረው ይህንኑ ነበር፤ ቃል በቃል። እኔ ያኔ «ውሸታም!» ብዬ ችሎት መሃል ጮኼ፣ ፖሊስ ጎትቶ አስወጥቶኛል። አሁን ጩማ አልጋው ላይ ሆኖ ሰማኝ። በቀረችው ዓይኑ ጣራውን አየ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ አቶ ገብረአማኑኤል። ጎንበስ ብለው ቀኝ እጄን ያዙና የጩማ እጅ ላይ አስቀመጡት። እጁ ይሞቃል። እጄን አልነጠቅሁም።